የኦይታ ለቅሶ ጭፈራ አልነበረም

የባሌን ለቅሶ ጭፈራ ነው ብሎ ለፈረንጅ ያስጎበኘ ሰው አለ። ስሙ ዘሚካኤል ነው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ይኖራል፤ ሥራው ማስጎብኘት ነው። ይህን ነገር ከሆዴ ሳላወጣ ዓመታት ከርሜአለሁ። ዛሬ የምጽፈው ትምህርት ስላለኝ አይደለም፤ ሦስተኛ ክፍል ሳልጨርስ ነው ጥጥ ፍተይ ተብዬ ቤት የቀረሁት። የምጽፈው ሌላ ሰው ካወራው ያሳጥረዋል ብዬ ነው። እኔ ደግሞ ማሳጠር የሚባል ነገር ጠልቻለሁ።

ቤቴ ዶርዜ ነው፤ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚወጣው መንገድ ዳር ነበር። ባሌ ኦይታ ሸማኔ ነበር። ጋቢ ሲሠራ ጥለቱ ላይ ሲደርስ አይቸኩልም፤ ገዢው ቆሞ ቢጠብቀው እንኳ አይቸኩልም። ታሞ ብዙ ሳይቆይ ሞተብኝ።

በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲሞት ተቀምጦ ማልቀስ አይበቃም፤ በእግር ይለቀሳል። ከየመንደሩ ወንዶቹ ጦራቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ሜዳው ላይ ወዲያና ወዲህ ይሮጣሉ፤ ጥሩንባ ይነፋል፤ ሟቹ በዕድሜው የሠራው በዜማ ይነገራል። እኛ ሴቶቹ ደረታችንን እየመታን እንዞራለን። የማያውቅ ሰው ከሩቅ ሲያየው ሰርግ ሊመስለው ይችላል፤ አልፈርድበትም። ጠጋ ብሎ ፊታችንን ያየ ግን አይሳሳትም።

ያን ቀን አንዲት ነጭ መኪና መጥታ ከሜዳው ጥግ ቆመች። ፈረንጆቹ ወርደው ፎቶ ማንሳት ጀመሩ። አንዱ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ የኦይታ ታናሽ ወንድም ወልደሥላሴ ከሚሮጥበት ሰልፍ ገብቶ እግሩን እያነሳ ዘለለ። ሳቀ። እኛ መሃል ቆሞ ሳቀ። ለቀስተኛው አብዷል ብሎ አለፈው። ልጄ ቤቲ ግን ያኔ ሁለተኛ ደረጃ ትማር ነበርና ዘሚካኤል በፈረንጅ አፍ ያላቸውን ሰማች። ከቀብር ስንመለስ ነገረችኝ።

«እማ፣ ጭፈራ ነው አላቸው።»

«የምን ጭፈራ?»

«እናንተን ለመቀበል ነው የሚጨፍሩት አላቸው።»

አርባው እስኪወጣ ጠበቅሁ። ከዚያ ዘሚካኤል እንደ ልማዱ እንግዳ ይዞ ሲመጣ ለብቻው ወደ ጓሮ ጠራሁት። ያፍራል ብዬ ነበር።

«ማዘር፣» አለኝ። ማዘር ነው የሚለኝ፤ ልጄም ዘመዴም አይደለም። «ማዘር፣ ለቅሶ ለማስረዳት ጊዜ ይፈጃል። እነሱ እዚህ ያላቸው ሃያ ደቂቃ ነው። ከዚህ ወርደው ጫሞ ላይ አዞ ያያሉ። ጭፈራ ካልኩ ባንድ ቃል ያልቃል።»

«ታዲያ ዝም አትልም ነበር?»

«ዝም ካልኩ ምን አስጎበኘሁ?»

ይኸው ነው መልሱ። ባሌ ባንድ ቃል አለቀ።

ታዲያ ከዚያ በኋላ ለምን አስገባሽው ትሉኝ ይሆናል። ወልደሥላሴም እንደዚሁ ሲል ነው የኖረው። በእኛ ዘንድ ጎሜ የሚባል ነገር አለ፤ የማይደረግ፣ ያደረገው ሰው ቤት መዘዝ የሚያመጣ ነውር ማለት ነው። ደጃፍ ላይ ቆሞ የተጣራን እንግዳ ግባ አለማለት እኔ ባደግሁበት ቤት ትልቅ ጎሜ ነው። የጠላትህም እንግዳ እንግዳ ነው። ዘሚካኤል ይህን ደንባችንን አወቀና እንደ በቅሎ ጋለበው። መኪናውን ከደጃፌ ያቆማል፣ «ማዘር!» ብሎ ይጣራል፣ እኔ ግቡ እላለሁ። በሳምንት ስንት ጊዜ ግቡ እንዳልኩ እንጃ።

ገብተውስ ምን ያያሉ? እንሰት ስፍቅ ያያሉ። እዚህ ላይ ቁጭ ብላችሁ ስሙኝ፦ እንሰት በሃያ ደቂቃ አይበላም። ችግኙ ከቦታ ቦታ እየተነቀለ ይተከላል፤ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። ሲደርስ ይቆረጣል፣ በቀርከሃ ይፋቃል፣ በቅጠሉ ተጠቅልሎ ጉድጓድ ይገባል። እዚያ እስኪቦካ እንጠብቃለን፤ ብርድ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በላይ እንጠብቃለን። ቆጮ የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ዘሚካኤል ግን ትንሽ ካስፋቀኝ በኋላ ዓይኑን ይጠቅሰኛል። ያኔ ዞር ብዬ ቀድሞ የቦካውን ከጓዳ አምጥቼ እጋግራለሁ። እሱ «ይኸው!» ይላቸዋል። ያጨበጭባሉ። አንዲት ሴትዮ ለቤቲ «እንዴት ያለ ፈጣን ምግብ ነው!» አለቻት። ፈጣን! የአማቴ እናት የተከለችውን እንሰት የበላሁ ሴት ነኝ እኮ እኔ።

የፋቅሁት ደግሞ ይጣላል። ለማሳያ ተብሎ ገና ያልደረሰው ነው የሚቆረጠው፤ ውሃ ብቻ ነው፤ ከጉድጓድ ቢገባም ምግብ አይሆንም። እንዲህ እንዲህ እያልን ጓሮው ሳሳ። እስከ ዘንድሮ የቀረኝ ኦይታ ከመሞቱ በፊት በእጁ የተከለው፣ መንገዱ ዳር ያለው አንድ ረድፍ ብቻ ነበር። እሱን አልነካም ብዬ ምያለሁ። ሲደርስ ለመስቀል ዘመዱን ሁሉ ጠርቼ በስሙ እቆርጠዋለሁ፤ የኦይታን እጅ በአፋቸው ይቀምሱታል ብዬ ነው የጠበቅሁት።

አምና ክረምት ዘሚካኤል የአዲስ አበባ ሰዎች ይዞ መጣ። ዝናቡ ወረደና ከበታቻችን ያለውን መንገድ ናዳ ዘጋው። ሌሎቹ ጭቃውን በእግራቸው ወርደው ከማዶ ሌላ መኪና ያዙ። አንዷ ቀረች። መቅደስ ትባላለች፤ የባንክ ሠራተኛ ናት፣ ከእኔ ጥቂት ብታንስ ነው። ጉልበቷን ያማታል።

«እትዬ ወርቂቱ፣ መንገዱ እስኪከፈት ታስጠጊኛለሽ?»

«ተጠግተሻል እኮ። ምን ትጠይቂኛለሽ?»

መጀመሪያ አስቸገረችኝ። ጭሱ ዓይኔን አለች፣ ከብቱ ከእኛ ጋር ነው ወይ የሚያድረው አለች፣ ስልኬ አይሠራም እያለች ከደጅ ወደ ጓሮ ተመላለሰች። ኋላ ሥራ ስትፈታ፣ ለቤቴ የደረሰ እንሰት ስፍቅ ከጎኔ ቁጭ ብላ መፋቂያውን ተቀበለችኝ። በማግስቱ ጠዋት ጉድጓዱ ዙሪያ ስትዞር አገኘኋት።

«ትናንት የፋቅነውን ዛሬ አንበላም?»

«ትናንት የፋቅሽውን ለመብላት መስከረም ላይ ነይ።»

ትክ ብላ አየችኝ። «ዘሚካኤል እኮ በሃያ ደቂቃ...»

«ዘሚካኤል ይዋሻል። እኔም በእጄ አስዋሸዋለሁ።»

ሳቀች፤ ጉልበቷን ይዛ ሳቀች። እኔ ግን አላሳቀኝም።

እሷ እያለች ከላይ መንደር አንድ ሽማግሌ ሞቱ። ለቅሶ ልሄድ ስነሳ ብቻዬን ከምቀር ብላ በትር ይዛ ተከተለችኝ። ሜዳው ጋ ስንደርስ ወንዶቹ ጦራቸውን ይዘው ይሮጣሉ። መቅደስ ቆመች። ደንግጣ ነው ብዬ ነበር።

«እትዬ ወርቂቱ፣ ይህን በስልክ አይቼዋለሁ።»

«የት ታይዋለሽ?»

«ዘሚካኤል ከመምጣታችን በፊት ልኮልን ነበር። የዶርዜ የደስታ ጭፈራ ብሎ።»

ስልኳን አውጥታ ከፈተችልኝ። ራሴን አየሁ። በዚያን ጊዜው ነጠላዬ፣ ወገቤን ታጥቄ፣ ደረቴን ስመታ። ከኋላዬ ወልደሥላሴ ሲሮጥ። የእኛ ድምፅ ግን የለም። በላዩ ላይ ዘፈን አግብተውበታል፤ ከበሮ ያለው የሰርግ ዘፈን። ደረቴን የምመታው ለከበሮው ይመስላል። ይህ ሁሉ ዓመት ሰው ወደ ደጄ ይጠራ የነበረው በባሌ ለቅሶ ነው ለካ!

መቅደስ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና አጠፋችው። ከዚያ ከእኛ ጋር ዞረች፤ በዚያ ጉልበቷ ዞረች። መንገዱ ተከፍቶ መኪና ሲመጣላት ግንባሬን ስማ እንዲህ አለችኝ፦ «ጉልበቴን ባያመኝ ኖሮ እኔም ጭፈራ አይቼ መጣሁ ብዬ ነበር የማወራው።»

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ቂም የሚባለው አሮጌ ሲሆን ይበርዳል ይላሉ፤ ውሸት ነው። ረመጥ ላይ አመድ ማልበስ ማብረድ አይደለም።

ዘንድሮ ከመስቀል በፊት ዘሚካኤል ብቻውን መጣ። ጥርሱ አይከደንም።

«ማዘር፣ የምሥራች! ቅዳሜ አውቶቡስ ይመጣልናል። ትልቅ አውቶቡስ!»

«ይምጣ።»

«ችግሩ መዞሪያ የለውም። ያን ረድፍ እንሰት ከመንገዱ ዳር ብናነሳው ይዞራል። ደግሞ ለማሳያም ይሆናል። አንድ ላይ ይቆረጥ።»

ዞሬ ረድፉን አየሁ። እሱ እሺ ያልኩ መሰለው።

«ሌላው ደግሞ፣ እነ ወልደሥላሴን ጥሪያቸውና ያንን ጭፈራ ያሳዩልን። እንግዶቹ የሚመጡት ለእሱ ነው። ይህን ማለቴ ነው፣» ብሎ ስልኩን ከፈተ። «ያው አንቺም አለሽበት።»

«ይህ ኦይታ ነው፣» አልኩት።

«የቱ ጋ?» አለና አጎንብሶ ከሚሮጡት ወንዶች መሃል ይፈልገው ጀመር።

ማርያምን፣ ይፈልገው ጀመር። ኦይታ ያኔ በጋቢው ተጠቅልሎ ከሜዳው መሃል ተኝቶ ነበር።

«ቅዳሜ ኑ፣» አልኩት። ደስ ብሎት ሄደ።

እኔ ቀጥ ብዬ ወልደሥላሴ ዘንድ ወረድኩ። እሱም ሸማኔ ነው፤ ከመሸመኛው ጉድጓድ እግሩን ከትቶ ቁጭ ብሏል።

«ቤቴን አንሱልኝ፣» አልኩት።

«ምስጥ በላው እንዴ?»

«በልቶታል። ባይበላውም አንሱልኝ።»

«ወዴት?»

«ከወንዙ ማዶ። የእናታችሁ ቤት የነበረበት።»

መወርወሪያውን አስቀመጠ። «አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ሁሉ ወደ መንገድ ይጠጋል፣ አንቺ ወደ ጫካ ትሸሻለሽ? መሰንበቻሽንስ ደህና ነሽ?»

«ጫካ ነው የምትለው እናትህ አንተን ያሳደገችበትን ቦታ ነው?»

«እሺ ይሁን። እንግዳውስ በምን ይመጣል? መኪና አይገባም እኮ።»

«እግር የለውም?»

ሳቁ መጣበት፤ ከዚያ ፊቴን አየና ተወው። ዘሚካኤል ያለውን ነገርኩት። ኦይታን በስልክ ላይ እንዴት እንደፈለገው ነገርኩት። ወልደሥላሴ እግሩን ከጉድጓዱ አወጣ። የጀመረውን ጋቢ ሳይጨርስ ሲነሳ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ግን እንግዳ መከልከል ጎሜ ነው ስትይ የኖርሽው አንቺ ነሽ፣» አለኝ።

«አልከለክልም። በሬን አልዘጋም። በሬን ይዤው እሄዳለሁ።»

ለማያውቅ ሰው ልንገር። የእኛ ቤት በጭቃና በሚስማር የቆመ አይደለም። ከተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ትልቅ ቅርጫት የተሠፋ ነው። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላውን እንቆርጣለን፤ ቤቱ ያጥራል እንጂ አይፈርስም። ቦታ ቢያሰለች ደግሞ ሰው ተጠርቶ እንዳለ ይነሳል። እኔ በዚያ ቤት ሙሽራ ሆኜ ስገባ ከፍታው አንገት ያስቀለብስ ነበር። አሁን ወልደሥላሴ ሲገባ ጎንበስ ይላል።

ሐሙስ ጠዋት ሰው ተሰበሰበ። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም መጣ፤ የኦይታን ጋቢ ያልለበሰ ቤት የለማ። ዕቃዬን አወጣን፤ ሥሩን ቆረጡ፤ ረጃጅም ግንድ አስገብተው አሰሩ። ግማሹ ከውስጥ ግማሹ ከውጭ ሆኖ ባንድ ድምፅ አነሱት። ቤቴ ከመሬት ተነሳ። እግሮች ብቻ ከሥሩ ይታያሉ።

ከሁለት ዛፍ መሃል ሲደርሱ ተቀረቀሩ።

«ወደ ቀኝ!» ይላል ወልደሥላሴ ከፊት።

«የማን ቀኝ?» ይላሉ ከውስጥ ያሉት። «እኛ ምንም አይታየንም!»

«የእኔ ቀኝ!»

«አንተ የት እንዳለህ በምን እናውቃለን? ዝፈን!»

ዘፈነላቸው። በድምፁ ተመርተው ወጡ። ቁልቁለቱን ቀስ እያሉ፣ በየመካከሉ እያረፉ፣ ቦርዴ እየጠጡ፣ እየተሰዳደቡ ወረዱ። ቤቴ እንደ ሽማግሌ እያነከሰ ወንዙን ተሻገረ። እኔ ከኋላ ከምድጃው ጉልቻ አንዱን ተሸክሜ ተከተልኩ። መንገዱ ዳር የቀረው ክብ ባዶ መሬት፣ አመድና የኦይታ ረድፍ ነው።

ቅዳሜ ቤቲ ከአርባ ምንጭ መጣች፤ አሁን እዚያ አስተማሪ ናት። ሁለታችንም ረድፉ ውስጥ ገብተን ቆምን። አውቶቡሱ እያጓራ መጥቶ ቆመ። ዘሚካኤል ዘሎ ወረደ፣ «ማዘ...» አለና ቀረ። ክቡን ባዶ መሬት አየው።

«ማዘር! ቤቱስ?»

«ተነሳ።»

«እንዴት ይነሳል?»

«ስንት ጊዜ ‹ይህ ቤት እንዳለ ይነሳል› ስትላቸው ሰምቼሃለሁ። አላመንከውም ነበር?»

«ማዘር፣ አትቀልጂ፤ ሰዎቹ ጊዜ የላቸውም፤ ከዚህ በኋላ አዞው...»

«አዞው ይጠብቃል። ከአባቶቻችን ጀምሮ እዚያው ነው።»

ወደ እንሰቱ አንድ እርምጃ ተራመደ። ወልደሥላሴና ጎረቤቶቻችን ከማዶ ሲመጡ አየና ተመለሰ። ጦር አልያዙም። ቆጮ መቁረጫ ቢላ እንኳ አልያዙም። ግን አልሳቁም።

ቤቲ ለእንግዶቹ በአፋቸው ነገረቻቸው፦ ቤታችን ከወንዙ ማዶ ነው፤ በእግር ይወረዳል፤ መውጣቱ ከመውረዱ ይከፋል። የመጣ ሰው ያድራል። የሚቸኩልን ሰው አንቀየምም፤ በሰላም ይግባ። ብዙዎቹ ተያዩና ወደ አውቶቡሱ ተመለሱ። አንድ ሰውዬ ባዶውን መሬት ፎቶ አንስቶ ገባ። የመጡት ጥቂት ናቸው፤ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ፣ ከባሏ ጋር የመጣች ነፍሰ ጡር፣ ሌሎችም። አሮጊቷን ወልደሥላሴ ክንዷን ይዞ አወረዳት። ዘሚካኤል እንግዶቹን ጥሎ መቅረት ስለማይችል ከኋላ ተከተለ። ነጭ ጫማ ነበር ያደረገው። ወንዙ ጋ ስንደርስ ጫማው ነጭ አልነበረም።

አስገባኋቸው። ከጉድጓድ በጊዜው የወጣ ቆጮ በቅጠል ጋግሬ ከዳጣ ጋር አቀረብኩ። ምንም አልፋቅሁም። አሮጊቷ በልታ ስትጨርስ ስልኳን አወጣችና ጭፈራው መቼ ነው ብላ ጠየቀች። ቤቲ ተረጎመችልኝ።

«ዘሚካኤል፣» አልኩ፣ «ጠየቀችህ። ንገራት።»

«ምን ልበላት?»

«ያን ቀን ምን እንደነበር። ባንድ ቃል አይደለም፤ ከመጀመሪያው። እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ትተረጉማለህ፣ ቤቲ ትሰማለች።»

«ማዘር፣ ይሄ ረጅም ነው።»

«ያድራሉ እኮ።»

ወደ በሩ አየ። በሩ ክፍት ነው፤ ማንም አልያዘውም። ከበሩ ውጭ ግን ወንዙና ዳገቱ ነው ያለው፣ መኪና የለም። ቁጭ አለ።

ከጥለቱ ጀመርኩ። ኦይታ ጥለት ላይ እንደማይቸኩል ነገርኳቸው። ዘሚካኤል ሁለት ቃል ብሎ ጨረሰ።

«ዘለልክ፣» አለችው ቤቲ።

እንደገና አለው። ስለ ጋቢው ነገርኩ፤ መንገዱ ዳር ስለተከለው ረድፍ ነገርኩ፤ ስለ ጥሩንባው፣ ደረት ስለ መምታት፣ ሰልፉ ውስጥ ገብቶ ስለሳቀው ባርኔጣ ስላደረገው ሰውዬ ነገርኩ። እዚያ ላይ ዘሚካኤል ቃል አጠረው። ቤቲ አልረዳችውም። ራሱ ፈልጎ አለው፤ ምን ቃል እንዳለ አላውቅም፣ አሮጊቷ ግን ስልኳን ገልብጣ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከላይ ከመንገዱ የአውቶቡሱ ክላክስ ይጮሃል። ደጋግሞ ይጮሃል። የተነሳ የለም።

ይቅርታ አላለኝም። እኔም ይቅር አላልኩትም፤ ይህን ማንም እንዳይጨምርበት። ክላክሱ ሲሰለቸው አውቶቡሱ ሄደ፤ ሲወርድ ድምፁ ተሰማን። ዘሚካኤል ጭቃ የበላውን ጫማውን አወለቀና እግሩን ወደ እሳቱ ዘረጋ።

«ኦይታ ምን ሆኖ ነው የሞተው?» አለኝ።

ይህን ሁሉ ዓመት ደጄ ሲመላለስ ጠይቆኝ አያውቅም። እንጨት ጨመርኩና ከሕመሙ ጀምሬ ነገርኩት።